የእትዬ ኮርኮር ጠርሙስ

ኢንስፔክተር አፊ ዶግቤ ሬሳው ዘንድ ከመድረሷ በፊት፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ አክራ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ነው። አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የፖሊስ መኪናዋ ኦሱ ሰፈር መግቢያ ላይ ትሮትሮ በሚባሉት ሚኒባሶች መሀል ተሰንቅራ ቆማለች። ሳጅን ላምቴ መሪውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዟል።

«ማዳም፣ ነገሩ እኮ ተይዟል» አለ።

«ማን ያዘው?»

«ማለቴ ታውቋል። ኮርኮር የምትባል፣ ቴሺ ሰፈር ሶቦሎ የምትሸጥ ሴት ናት፣ መርዛ ነው የገደለችው። ‹የኮርኮር ጠርሙስ› የሚል ሃሽታግ ወጥቷል። ይኸው፣ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ።»

«ሬሳውን ያየ ሰው አለ?»

«ሬሳውንማ ገና እኛ ልናይ ነው።»

«እንግዲያው እስክናየው ስልክህን ኪስህ ክተትና መንገዱን እይ።»

አፊ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ደልደል ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ ናት። ማንም ሰው አንድ ነገር ሲነግራት «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ሳትል አታልፍም። አዲስ የተቀጠሩ ፖሊሶች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው «ይሄን ሻይ አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸዋል?» እየተባባሉ ይስቁባታል። ታውቃለች፣ ግን ግድ የላትም።

ሟቹ ፊፊ ኳንሳ ይባላል። «ጎንግጎንግ» የተሰኘው የማስታወቂያ ድርጅት ሁለት ባለቤቶች ነበሩት፣ አንዱ እሱ ነው። ድርጅቱ ስሙን የወሰደው አዋጅ ነጋሪ በየመንደሩ እየመታ ከሚዞረው ብረት ነው። ልዩነቱ፣ የዱሮው ብረት የአገሩን ሹም ቃል ሲያሰማ የዛሬው የከፈለውን ሁሉ ቃል ማሰማቱ ነው።

ፊፊ ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጓል። ብርጭቆው ምንጣፉ ላይ ወድቆ ከአበባ የሚፈላውን ቀይ መጠጥ፣ ሶቦሎውን፣ አፍስሷል። ከፊቱ አንድ ጠርሙስ ቆሟል። አረንጓዴ ክዳን ያለው፣ ወገቡ ሰርጎድ ያለ፣ የአንዲት ፈገግ ያሉ አሮጊት ሥዕል የተለጠፈበት፣ የሚያምር ጠርሙስ። የፖሊስ ሐኪሙ ጠርሙሱን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

«የአይጥ መርዝ ነው። ከጠጣ ሁለት ሰዓት አልሞላውም።»

አፊ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና ወደ ኩሽናው ሄደች። ፍሪጁን ከፈተች። ግማሽ አናናስ፣ የሁለት ሰው ምሳ፣ ከታች ደግሞ ጥብቅ ተደርጎ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል። ቋጠሮውን ፈታችው። ሰማያዊ ክዳን ያላቸው ሁለት አሮጌ የውሃ ፕላስቲኮች፣ እስከ አፍ ገደፋቸው ቀይ መጠጥ ሞልተዋል።

«ይመርመር» አለችው ለላምቴ። «ስለዚህ ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አትበል።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለእሷ ተረት አይደለም፤ እንጀራዋ ነው።

በስብሰባው ክፍል መጀመሪያ የገባችው የፊፊ ሸሪክ ኤውራማ ታንዶ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ለማርኬቲንግ ባለሙያዎች ሥልጠና ስትሰጥ አዳራሽ ይሞላል። «አክራ ነገ የምታወራውን ዛሬ የምታውቅ ሴት» ይሏታል። ዓይኗ ቀልቷል፣ አቀማመጧ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለች። «አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። በሩን ዘግቼ ማንም እንዳይገባ ከለከልኩ። እዚህ ቤት ስንት ስልክ አለ መሰለዎት፣ እንደዚያ ሆኖ ሰው እንዲያየው አልፈለግኩም።»

«ደግ አደረግሽ። መጠጡን ማን አመጣው?»

«እትዬ ኮርኮር ናት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። በየማክሰኞው ታመጣለታለች። ደንበኛችን ናት፣ ማንም የማያውቃትን ሴት አንስተን ለአገር ያሳየናት እኛ ነን።»

«ስታመጣ አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ባለ አረንጓዴ ክዳን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች።»

«ቤቷንስ ታውቂዋለሽ?»

«ከራሷ በላይ ነው የማውቀው። ከማንጎው ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ድስቱን ስታማስል፣ ያቺን የእንጨት ማማሰያ ይዛ። ያንን ምስል ግማሽ ሚሊዮን ሰው ነው ያየው።»

«ለምን ትገድለዋለች?»

ኤውራማ ትከሻዋን ሰበቀች። «ሰው ሲታወቅ ይለወጣል ማዳም። ምን አውቃለሁ።»

ሁለተኛው ያኦ ጋዴ ነው። ሦስት ስልክ ይዞ ገባ፣ ሦስቱም ይንቀጠቀጣሉ። የእሱ ሥራ አርባዎቹን ማሰማራት ነው። አርባ ወጣቶች በአንድ የስልክ ግሩፕ ታቅፈዋል። ድርጅቱ ቁጥር የተሰጣቸው አረፍተ ነገሮች ይልካል፣ እነሱ ቁጥሩን ትተው አንዳንድ እየገለበጡ ይለጥፋሉ። አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ስለ አንድ ነገር ሲያወራ፣ አገር የሚያወራ መስሎት ሌላው ይከተላል። ትሬንድ የሚባለው እንዲህ ነው የሚጠመቀው።

አፊ ላምቴ ያተመላትን ወረቀት ዘረጋችለት።

«ሬሳው የተገኘው አራት ሰዓት ከሃያ ነው። አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ አርባ ሰው አርባ ዓይነት ሐዘን ለጥፏል። ሐዘን እንዲህ ይፈጥናል?»

ጋዴ ስልኮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደፋቸው።

«ይቺን ደግሞ አንብብልኝ።»

ጋዴ ወረቀቱን አየና ዓይኑን ጨፈነ። ከአርባዎቹ አንዱ የተላከለትን ሁሉ እንዳለ ገልብጦ ለጥፎታል። ‹17። ዜናው ሲሰማ ብቻ ይለጠፍ። ቁጥሩን አትገልብጡ። እናታችን ናት ብለን የጠጣነው የኮርኮር ጠርሙስ ወንድማችንን ነጠቀን።›

«እሱ ልጅ ደደብ ነው» አለ ጋዴ። «ሁሌ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ አይደለሁም። ከድርጅቱ የጋራ አካውንት ነው የመጣልኝ፣ አራት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ። ‹አሁን› ይላል። እኔም ለቀቅኩት። የይለፍ ቃሉን አራታችን እናውቀዋለን፤ ፊፊ፣ ኤውራማ፣ ኑሁና እኔ።»

«ሳታነበው?»

«አላነብም ማዳም። ባነብማ ይሄን ሥራ መሥራት አልችልም።»

«ኮርኮርን ታውቃቸዋለህ?»

የጋዴ ድምፅ ወረደ። «የሰፈሬ ሰው ናቸው። ሶቦሏቸውን እየጠጣሁ ነው ያደግኩት። ስማቸውን ያየሁት ሌላ ሰው መልሶ ሲልክልኝ ነው።»

«እንግዲያው ጽሑፉን አጥፋው።»

«አርባዎቹ አጥፍተዋል። አሁን ግን የእኛ አይደለም። ሰዉ ይዞታል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ጋዴ ይህን ለማወቅ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነበር። ቢሆንም አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

ሦስተኛው ኑሁ ሰይዱ፣ የድርጅቱ ንድፍ ሠሪና ፎቶ አንሺ ነው። ከሰሜን የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው። ከግድግዳው ባሻገር ነው የሚሠራው፣ ግድግዳው ደግሞ ቀጭን ነው።

«ትናንት ተጣልተው ነበር» አለ። «ፊፊና ኤውራማ። ሐሙስ የማርኬቲንግ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ አለ። ለእትዬ ኮርኮር በሠራነው ዘመቻ ኤውራማ ትሸለማለች። ፊፊ ‹መድረክ ላይ ስለ አርባዎቹ እናገራለሁ፣ ሰለቸኝ› አላት። እሷ ‹መጀመሪያ እኔን ቅበረኝ› አለችው።»

«ሰምተሃል እንጂ አላየህም።»

«ሰምቻለሁ።»

«ይህንን ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ለማን ልንገር? ሰዉ ሁሉ ኮርኮርን እየሰደበ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ቴሺ ሲደርሱ የባሕሩ ነፋስ አሸዋውን ያንከባልላል። የእትዬ ኮርኮርን ቤት መጠየቅ አላስፈለገም። ጩኸቱ ይመራል። ወደ ስልሳ የሚሆን ሰው ደጁን ሞልቶታል፣ ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ስልክ ይዟል። ኪዮስኳ ተገልብጣለች። ሁለት ትልልቅ ድስቶች ተደፍተው ግቢው በቀይ መጠጥ ርሷል። ላምቴና ሌሎች ሁለት ፖሊሶች ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው አፊን አስገቧት።

እትዬ ኮርኮር ጓዳ ውስጥ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ነጠላ ጫማቸው አንዱ የለም።

«የኔ ልጅ፣ ፊፊ ሞተ ይሉኛል፣ እውነት ነው?» አሉ መጀመሪያ።

«እውነት ነው እትዬ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ውጭ የሚጮኸው ስለ እሳቸው መሆኑን ለአፍታ የረሱት መሰሉ።

«ዛሬ ጠዋት አላየሁትም። ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬለት ወጣሁ።»

«ክፍሉ አልገቡም?»

«ምን ብዬ እገባለሁ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ?»

«በምን አድርገው ነው ያመጡለት?»

«በፌስታል ነዋ።»

«ጠርሙሱስ?»

«ያው የኔ ጠርሙስ።» ወደ ግቢው ጠቆሙ። በቀዩ ጭቃ ላይ ሰማያዊ ክዳን ያላቸው የውሃ ፕላስቲኮች ተበታትነዋል። አፊ ቆጠር ቆጠር አደረገቻቸው። አረንጓዴ ክዳን አንድም የለም።

«ያኛው ሥዕልዎ ያለበት ጠርሙስ የት አለ?»

እትዬ ኮርኮር በዚያ ሐዘን መሀል ትንሽ ፈገግ አሉ። «እሱንማ በስልክ አሳይተውኛል። ቆንጆ ነው። ይመጣል ብለውኛል፣ እኔ በእጄ ነክቼው አላውቅም።»

አፊ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። አሸዋና የቆርቆሮ አጥር ነው። ዛፍ የሚባል ነገር የለም።

ድንጋይ ጣሪያው ላይ አረፈ። ከዚያ ሌላ። ላምቴ በሩን ገፍቶ ገባና «ማዳም፣ እየበዙ ነው፣ አንችላቸውም» አለ።

«እትዬ፣ ከእኛ ጋር ይሂዱ።»

«ታሰርኩ?»

«አልታሰሩም፣ ለደህንነትዎ ነው።»

ሌላ ምርጫ አልነበረም። አፊ ሴትዮዋን አቅፋ፣ በክንዷ ፊታቸውን ከድንጋይ ጋርዳ መኪናው ውስጥ አስገባቻቸው። ስልኮቹ ሁሉ ተዘረጉ። ላ የተባለው ሰፈር ሳይደርሱ ላምቴ ሳይወድ በግድ ስልኩን አሳያት። ፎቶው የእሷው ነው። አንዲት ፖሊስ ፊቷን የሸፈነች አሮጊት ስትጎትት። ‹ተያዘች› ይላል ጽሑፉ። ላድን ስትል ፍርዱን በገዛ እጇ አትማባቸዋለች።

ለመሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባይ ደወለች። ‹ምርመራው አላለቀም፣ ወ/ሮ ኮርኮር አልተከሰሱም› የሚል ጽሑፍ በይፋዊው ገጽ ወጣ። ከሥሩ የመጣው የመጀመሪያ አስተያየት ‹ስንት ከፈለቻችሁ?› የሚል ነበር።

ከዚያ ለኑሁ ደወለች።

«ባለ አረንጓዴ ክዳኑ ጠርሙስ ስንት ነበር የተሠራው?»

«ለፎቶ ብቻ ሦስት በእጄ ሠርቻለሁ። ካቢኔ ውስጥ ናቸው፣ ቁልፍ የለውም።»

«ክፈትና ቁጠርልኝ።»

ጥቂት ቆየ። «ሁለት ነው ያለው ማዳም» አለ። «ሦስተኛው የት ሄደ?»

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በጎንግጎንግ የስብሰባ ክፍል ተሰበሰቡ። ኤውራማ ጥቁር ለብሳ ከጠረጴዛው ራስ፣ ጋዴና ኑሁ ጎን ለጎን። እትዬ ኮርኮር አፊ ያመጣችላቸውን ጫማ ተጫምተው ከበሩ አጠገብ፣ ልክ አስቸጋሪ እንግዳ እንዳይሆኑ የፈሩ ያህል ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጠዋል። ላምቴ በሩን ይዟል።

አፊ ሦስት ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አንደኛው ተራ የመስታወት ጠርሙስ፣ ሁለተኛው ባለ አረንጓዴ ክዳን፣ ሦስተኛው ባለ ሰማያዊ ክዳን የውሃ ፕላስቲክ። ለሦስቱ የድርጅቱ ሰዎች ወረቀት ሰጠች።

«እትዬ ኮርኮር ሶቦሏቸውን የሚሸጡት በየትኛው ነው? ቁጥሩን ብቻ ጻፉልኝ። አትነጋገሩ።»

ጻፉ። አፊ ወረቀቶቹን ሰብስባ መነጽሯን አደረገች።

«ጋዴ ሦስት ብሏል። ኑሁ ሦስት ብሏል። ኤውራማ ሁለት ብላለች።»

ኤውራማ ቅንድቧን አነሳች። «እና? ሬሳው ፊት የነበረው እሱ ነው። እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

«ልክ ነሽ፣ በዚህ ብቻ አይፈረድብሽም። ቀስ ብለን እንሂድ። አርባ አረፍተ ነገር በአራት ደቂቃ አይጻፍም። ፊፊ ሳይሞት ሞቱ ተጽፏል፣ ገዳይዋም ተሰይማለች። የጻፈው የጋራውን አካውንት የሚከፍት ሰው ነው። ፊፊ የራሱን ሞት አልጻፈም። የቀራችሁት ሦስታችሁ ናችሁ።»

ጋዴ «እኔ...» ሊል ጀመረ። አፊ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«ያ ሰው ነገሩን በእትዬ ኮርኮር ላይ ሊያላክክ ፈለገ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ስለዚህ የእሳቸውን ጠርሙስ ሬሳው ፊት ማስቀመጥ ነበረበት። የእሳቸው ጠርሙስ ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ፍሪጅ ውስጥ፣ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ ነበር። ትናንት ተመርምሯል፣ ንጹሕ ሶቦሎ ነው፣ ማንም አልነካውም። ገዳዩ አጠገቡ ያለውን እውነተኛ ጠርሙስ ትቶ፣ ከኑሁ ካቢኔ ለፎቶ የተሠራውን ወሰደ፣ ከመንገድ የተገዛ ሶቦሎና መርዝ ጨመረበት። ለምን?»

እትዬ ኮርኮር ሁለተኛውን ጠርሙስ በዓይናቸው እየዳሰሱት ነበር። በአካል ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው።

«የእሳቸው ጠርሙስ ያ ስለመሰለው ነው» አለች አፊ። «በዚህ ነገር ገዳዩን ያጋለጠው የሚያውቀው ነገር አይደለም፣ የማያውቀው ነው። ጋዴ የቴሺ ልጅ ነው፣ ከሰማያዊው ክዳን እየጠጣ ነው ያደገው። ኑሁ አረንጓዴውን በእጁ ሠርቷል፣ ከሦስት በላይ እንደሌለ ያውቃል። ሁለቱም ይህን ስሕተት ሊሳሳቱ አይችሉም። ኤውራማ፣ አንቺ ትናንት ‹ባለ አረንጓዴ ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ በዓይኔ አይቻለሁ› አልሽኝ። እትዬ ኮርኮር ያንን ጠርሙስ ይዘው አያውቁም፣ ክፍሉም አልገቡም። ‹ከማንጎው ዛፍ ሥር› አልሽኝ። ቴሺ ሄጄ ማንጎ ፈለግኩ።»

«ማንጎውን ፎቶው ላይ እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለ ኑሁ በቀስታ። «ግቢው ባዶ ስለሆነ።»

ኤውራማ ወደ ኑሁ ዞረች። ፊቷ ላይ ከፍርሃት ይልቅ ግራ መጋባት ነበር።

«አዲሱ ጠርሙስ ወጥቷል እኮ» አለች። «ከሦስት ሳምንት በፊት ‹በአዲስ ጠርሙስ ገበያ ላይ ውሏል› ብዬ ለጥፌያለሁ።»

«ክዳኑ ቴማ ወደብ ነው ያለው ኤውራማ። ፊፊ ‹አንዴ ለጥፋዋለች፣ አትንገራት፣ በሳምንት ይደርሳል› አለኝ። አልደረሰም።»

«መቶ ሺህ ሰው ወዶታል» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ከሰመ። «የለጠፍኩትን ራሴ አመንኩት።»

ኤውራማ ከዚያ በኋላ አልካደችም። ፊፊ ሐሙስ ቢናገር ኖሮ አሥራ ሁለት ዓመት የገነባችው ስም በአንድ ከሰዓት እንደሚፈርስ፣ እንዲህ ሲፈርስ ደግሞ የስንቱን አይታ እንደምታውቅ ተናገረች። ሶቦሎውን በብርጭቆ ቀድታ የሰጠችው ራሷ ናት። ፊፊ አመስግኗት ጠጣ።

እትዬ ኮርኮር ከወንበራቸው ጫፍ ሆነው ጠየቁ። «እኔን ለምን መረጥሽኝ ልጄ? ምን በደልኩሽ?»

«ምንም» አለች ኤውራማ። «ወሬ እንዲሮጥ የሚታወቅ ፊት ይፈልጋል። ከደንበኞቻችን ሁሉ የሚታወቀው የእርስዎ ፊት ነበር።»

አሮጊቷ መልሱን ለመረዳት ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ ወደ አፊ ዞሩ። «አሁን ታዲያ ለሰው ትነግሩልኛላችሁ?»

«እንነግራለን እትዬ» አለች አፊ። «ጋዴ፣ አርባዎቹን ጥራ።»

ላምቴ ካቴናውን ሲያስርላት ኤውራማ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ስትል ክፋት አልነበረባትም። የምታውቀውን ሥራ ነው የተናገረችው። «አይሠራም ማዳም። ‹አልገደሉም› የሚለውን ማን ለማን ይልካል? ሰው የሚልከው የሚያስደነግጠውን ነው።»

«ሞክር» አለች አፊ ለጋዴ።

ጋዴ ሞከረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ቁጭ ብሎ ጻፈ፣ እያንዳንዷን ቃል አነበበ። ከአርባዎቹ አሥራ ዘጠኙ ለጠፉ፣ የቀሩት ክፍያ ስለሌለው ተዉት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጽሑፉን ያጋሩት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ፖሊሶች ናቸው።

የኤውራማ መያዝ ማታውን ወሬ ሆነ፣ ለነገሩ ትልቅ ወሬ ሆነ። ግን ሰዉ አንዱን ስም ጥሎ ሌላውን አላነሳም። ሁለቱን አንድ ላይ አሰራቸው። ‹አንዷ አፈላችው፣ አንዷ ቀዳችው› ተባለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። አፊ ሦስት ሳምንት ጠበቀች፣ በየጠዋቱ ስልኳን ከፍታ አየች። አልጠራም።

በአራተኛው ቅዳሜ ቀትር ላይ የደንብ ልብሷን አውልቃ፣ ኬንኬ የሚሉትን የበቆሎ ሊጥ ቅቅልና የተጠበሰ ዓሣ ይዛ ቴሺ ሄደች። ከሩቅ ሰልፍ አየች። ኪዮስኳ ተቃንታለች። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፣ ሰዉ ከከተማው ጥግ ሁሉ የመጣ ነው። የአፊ ልብ ሞቅ አለ። እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።

ቀርባ ስታይ ሰልፉ ፊት ያለችው ወጣት ሴት ሶቦሎዋን ተቀበለች፣ ለጓደኛዋ ስልክ ፈገግ አለች፣ ጠጣች። ከዚያ ጉሮሮዋን ያዘች፣ ዓይኗን ገለበጠች፣ አሸዋው ላይ ዘፍ አለች። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ተነስታ አቧራዋን አራግፋ የተቀረጸውን ለማየት ሮጠች። ቀጣዩ ቀረበ።

«ሁለት ሳምንት ሆነው» አሉ እትዬ ኮርኮር፣ ቀና ሳይሉ እየቀዱ። «ከኩማሲ ድረስ ይመጣሉ። ጠጥቶ መሞት ነው ጨዋታው።»

«ለምን አይዘጉትም እትዬ?»

«ዘግቼ ምን ልብላ? ድስቶቼን ሰብረውብኛል፣ እነዚህ አዲስ ናቸው።» ለቀጣዩ ቀዱለት። «እናቴ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ትል ነበር። የኔ እኔን አልጠበቀኝም፤ ቀድሞኝ ሄደ። ማን ይመልስልኛል የኔ ልጅ? አንቺ ትመልሽልኝ እንደሆነ ብዬ ነበር።»

አፊ ዞራ ሰልፉ ፊት ቆመች፣ መታወቂያዋን አወጣች፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እኔ ፖሊስ ነኝ። ይህን ነገር የመረመርኩት እኔ ነኝ። እኚህ ሴት ማንንም አልገደሉም። ጠርሙሱ የእሳቸው አልነበረም። ገዳዩ ተይዟል፣ ይህን ሁላችሁም...»

ሃያ ስልክ ወደ እሷ ዞረ። በዝምታ አዳመጧት። እስክትጨርስ ማንም አላቋረጣትም፣ ማንም አልሳቀም። ስትጨርስ ከመሀል አንድ ልጅ በትሕትና እጁን አወጣ።

«ማዳም፣ ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ? ድምፅ አልያዘልኝም።»

አፊ ድጋሚ አልተናገረችም። መታወቂያዋን ኪሷ ከታ ከኪዮስኳ ጎን ቆመች። ቀጣዩ ክራባት ያሰረ ጎልማሳ ነበር። የሚጠጣውን ሂሳብ አስቀድሞ ከፈለ፣ እትዬ ኮርኮርን በአክብሮት ሰላም አለ፣ ጠጣና ከእግራቸው ሥር ተዘረጋ። ምላሱን አውጥቶ ደረቅ አለ። ጓደኛው ከሌላ አቅጣጫ ልቅረጽህ አለ፣ እንደገና ልቅረጽህ አለ። ሰውዬው ሞቶ ቆየ።

እትዬ ኮርኮር የሚቀጥለውን ቀድተው ጨርሰዋል። ጎንበስ ብለው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ተነስ የኔ ልጅ» አሉት። «ሰልፉን ዘግተህብኛል።»